በሰይድ ሐዲድ የፈረሰው ቤቴ

የበደለኝ ሰይድ ነው፤ ከሪያድ የተመለሰው ጎረቤቴ። በረንዳው ላይ ሰፊ ጣውላ ዘርግቶ፣ በባትሪ ለምትሄድ መጫወቻ ባቡር ሐዲድ ሲያነጥፍ ሰነበተ። ሐይቁን ከሰማያዊ ጨርቅ፣ የሰፈራችንን ቤቶች ከካርቶን ሠርቷል። መስጊዱ አለ፤ የዚያች የምላሰኛዋ የከድጃ ማድቤት እንኳ አለ። የኔ ቤት ግን የለም።

«ሰይዶ፣ ቤቴስ?»

«እትዬ ዘይነባ፣ ሐዲዱ በእርስዎ ደጅ አለፈ። ለልማት ተነሥተዋል፤ አብሽሩ!» ብሎ ሳቀ።

«አንተ ቀልማዳ! መንግሥት ያላስነሣኝን አንተ በሙጫ ልታስነሣኝ?»

አፌ ይህን ይበል እንጂ ሆዴ ሌላ ነበር። ልጄ ፎዚያ ጅዳ ከሄደች ዘጠኝ ዓመት ሆናት። በደወለች ቁጥር «እማ፣ በሰፈራችን የሚያልፈው ባቡር ሥራ ሲጀምር በሱ ነው የምመጣልሽ» ትለኛለች። ያቺ መጫወቻ ሐይቁን ዞራ በቤቴ ቦታ ላይ ሳትቆም ስታልፍ እንባዬ መጣ። ልጄ ከባቡር ወርዳ የማን ቤት ልትገባ ነው?

በነጋታው ሱብሂ ሰግጄ፣ ሰይድ ሳይነሣ፣ የሳሙና ካርቶን ይዤ በረንዳው ላይ ወጣሁ። በር ቀደድኩለትና ከቦታው፣ ከሐዲዱ መሐል አስቀመጥኩት። በሩንም ባቡሯ ወደምትመጣበት አዞርኩት።