ከረጢት ሙሉ ዳቦ

በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ አራት ነው፤ እኔ ስልሳ ሰባት ዓመቴ። ዴንቨር አጠገብ ባለችው አውሮራ፣ ፒዮሪያ ስትሪት ላይ ከልጄ ጋር እኖር ነበር። ልጄ ዴንቨር ሆስፒታል ውስጥ ነው የምትሠራው፤ እሁድም ትገባለች። ስለዚህ የልጅ ልጄን የምጠብቃት እኔ ነኝ። እሷ ግን እኔን የምትጠብቅ ይመስላታል። አሥር ዓመቷ ነው። "አንተ" ትለኛለች። እናቷ "እርስዎ በይ" ብትላት አልሆነም፤ እኔም አልከፋኝ።

አማርኛ ትሰማለች፣ መልሷ ግን እንግሊዝኛ ነው። አማርኛ እንድትናገር የሚያደርጋት የቪዲዮ ጌሟ ብቻ ነው። የቴሌቪዥኑን ጽሑፍ ስለማላነብ አጠገቧ ቁጭ ብዬ "ምን አለ? አሁንስ ወዴት ነው?" እላለሁ። እሷም ቃል እየፈለገች ታስረዳኛለች።

ጌሙ ጎራዴ የያዘ አንድ ሰውዬ ነው። አገር ላገር እየዞረ አውሬ ይገድላል፤ ያገኘውን ከረጢቱ ውስጥ ይከታል። ከረጢቱ ልክ አለው፤ ከሞላ አንዲት መርፌ አይጨምርም። ይሄ ነገሩ ደስ አለኝ። ይሄን ሽጪ፣ ይሄን ያዢ እያልኩ የሰውዬው ግምጃ ቤት ሹም ሆንኩ። ሦስት ጎራዴ ምን ያደርግለታል፣ እጁ ሁለት!

ጌሙን የተከራየነው ከቪዲዮ ቤት ነው፤ ሰኞ ይመለሳል። እናቷ ከዚያ ወዲያ ትምህርት ብቻ ብላለች። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን እንደተመለስን፣ ልብሳችንን ሳንቀይር ተቀመጥን። የቀረው የመጨረሻው ግንብ ነው። ግንቡ ደጅ ላይ ቁልፍ ወድቋል፤ ከረጢቱ ግን ሞልቷል፤ አንድ መድኃኒት አለ፣ አብዛኛው ግን ሰውዬው ሲጎዳ የሚበላው ዳቦ ነው።

"አንድ ዳቦ ልጣል" አለች።

"ዳቦ መሬት አይጣልም።"

"አባባ፣ እውነተኛ ዳቦ እኮ አይደለም።"

"ዳቦ ነው ይላል አይደል?"

"ይላል።"

"በቃ።"

ታውቀኛለች። አንድ ቀን ፓርኪንግ ላይ የወደቀ ዳቦ አንስቼ፣ ስሜው፣ አጥር ላይ ሳስቀምጥ፣ አፍራ መኪና ኋላ ተደብቃለች። ስለዚህ አልተከራከረችም። ምን ልጣል ስትለኝ መድኃኒቱን አልኳት። ሰውዬው ጤነኛ ነው፤ ጤነኛ ሰው መድኃኒት ተሸክሞ አይዞርም። ጣለች፣ ቁልፉን አነሳች፣ ገባን።

አውሬው መርዝ ይተፋል። መርዙን የሚያወጣው ያ መድኃኒት ኖሯል። ዳቦ አበላችው፤ ትንሽ ቀና ይልና መልሶ ይወድቃል። ሌላም አበላችው። በመጨረሻ ሰውዬው ከረጢት ሙሉ ዳቦ እንደያዘ ሞተ።

ትጮህብኛለች ብዬ ስጠብቅ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ኋላ ግን ፊቷ ጠቆረ።

"ከደጁ በፊት ሴቭ አድርጌያለሁ። ግን ነገ ይመለሳል" አለችኝ፤ በአማርኛ። ሴቭ ማለቷ ከደጁ በፊት ከነበርንበት እንደገና መጀመር ይቻላል ነው።

ይህን ጊዜ እናቷ ከሥራ ገባች። ልጅቱ ዲስኩን ሳጥኑ ውስጥ ከታ፣ ሳጥኑን በር አጠገብ አስቀምጣ ክፍሏ ገባች። ልጄን አንድ ሳምንት ጨምሪላት ብዬ ለመንኳት፤ እምቢ አለች። ግትርነቷን ከየት እንዳመጣችው አውቃለሁ። ዛሬም ቢሆን ዳቦ ጣዪ አልልም።

በማግስቱ ጠዋት ልጅቱ ትምህርት ቤት እንደሄደች ሳጥኑን ኮቴ ኪስ ከትቼ ወጣሁ፤ ቪዲዮ ቤቱ እስኪከፈት ደጁ ላይ ቆምኩ። ሲከፈት ሳጥኑን ለሻጩ አሳየሁትና አንድ ጣቴን አንስቼ "ዋን ዊክ" አልኩት።