የግራ እጄ ሙዳይ

ግራኝ ነኝ። እናቴ ይህን የምታየው እንደ ደዌ ነበር። ስንበላ ግራ እጄን ከጭኔ ሥር አስገብቼ እንድቀመጥበት ታደርገኛለች፤ ከረሳሁ ቁንጥጫው አይቀርልኝም። «ሀርከ ቢታ ማዕድ አይነካም!» ትላለች፣ ግማሹን በኦሮምኛ ግማሹን በአማርኛ፣ እንደ አምቦ ሰው ሁሉ፤ ሀርከ ቢታ ማለት ግራ እጅ ነው። እንግዳ ሲመጣ ደግሞ ውሃ በግራዬ እንዳላቀብል ዓይኗ ከእኔ ላይ አይነሳም።

ልታቀናው ያልቻለችው ስፌቴን ነው። ስፌት ያስተማረችኝ ታላቅ እህቴ ናት። ገና ልጅ ሳለሁ ፊት ለፊቴ ተቀምጣ በስንደዶው ላይ አክርማውን ስትጠመጥም አያለሁ፤ እሷ በቀኟ የያዘችውን ወስፌ እኔ መስታወት እንደሚያይ ሰው በግራዬ ያዝኩት፣ በዚያው ቀረሁ። ስለዚህ የእኔ ስፌት ዙሩ የተገላቢጦሽ ነው። የሰው ሁሉ ወዲያ ሲዞር የእኔ ወዲህ ይዞራል። ቅዳሜ ገበያ ሰፌዴን ይዤ ስወጣ ሴቶቹ ዙሩን በጣታቸው እየተከተሉ ይስቁብኛል። «በዚህ ያነፈሰች በረከቷን ከገለባው ጋር ታበነዋለች» አለች አንዷ። ሰፌዱን ከእጇ ነጥቄ ሄድኩ። ያኔም ቁጡ ነበርኩ።

እህቴ ጉደር ተድራ ነበር። በተዳረች በሦስት ዓመቷ ልጅ አልወለድሽም ተብላ አንድ ሻንጣ ይዛ ተመለሰች። ከጉደር ሰው መጣ በተባለ ቁጥር ጓዳ ትገባለች። እናቴም ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ «የትልቋ ነገር እንዴት ሆነ?» የሚሏትን ሰዎች እየረገመች ነበር የምትገባው።

ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ፣ መንግሥት በወረቀቱ ሀገረ ሕይወት እያለ በሚጠራት፣ እኛ ግን አምቦ ማለት ባልተውናት ከተማችን፣ የእጅ ሥራ ውድድር ሊደረግ ነው የሚል ማስታወቂያ ተለጠፈ። ሸማኔም፣ ሸክላ ሠሪም፣ ስፌት ሰፊም ሥራውን ያቅርብ ይላል። ከየሙያው አንደኛ የወጣ፣ አዲስ አበባ የእጅ ሙያ ትምህርት ቤት ገብቶ ሁለት ዓመት በመንግሥት ወጪ እየበላ፣ እዚያው እያደረ ይማራል። ቆሜ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ግራ እጄ የማያሳፍርበት አገር መኖሩን ያን ቀን ነው ያመንኩት፤ ከዚያ ሌላ የምመኘው ነገር ጠፋ።

ደብተሬ ላይ ገልብጬ ቤት ወሰድኩት። እናቴም እህቴም ማንበብ አይችሉም፣ አነበብኩላቸው። የመጨረሻዋን መስመር ሳይቀር፦ ሥራው የራሱ መሆኑ እንዲታወቅ ባለሙያው በዳኞች ፊት ሠርቶ ያሳያል። እህቴ «እስቲ ያቺን የመጨረሻዋን ድገሚያት» አለችኝ። ደገምኩላት።

ሙዳይ ጀመርኩ። ሙዳይ ትንሽ ናት፣ ግን ሰፊዋን የምታጋልጥ እሷ ናት፤ አንድ ጥምጥም ቢላላ ከሩቅ ይታያል። አክርማውን ቀይና ጥቁር አቀለምኩት፣ ማታ ነክሬ ጠዋት ከትምህርት በፊት፣ ከሰዓት በኋላም እስኪመሽ እሰፋለሁ። ሳምንት ሳይሞላ እህቴ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ፊት ለፊቴ ሳይሆን አጠገቤ።

«ያንቺን እጅ አስተምሪኝ» አለችኝ።

«እትዬ፣ አንቺ እኮ ቀኝ ነሽ።»

«ቀኜ ምን አተረፈልኝ? እስቲ ደግሞ ግራዬን ልየው።»

አስተማርኳት። ወስፌው ሦስት ጊዜ አውራ ጣቷን ወጋት፤ ደሙን እየመጠጠች ትስቅና እንደገና ትጀምራለች። በሕይወቴ አንድ ሰው ግራ እጄን ሲፈልገው የመጀመሪያዬ ነበር። ዙሩን እንዴት እንደማጠብቅ፣ አክርማው ሲያልቅ ጫፉን የት እንደምደብቅ፣ ለማንም ያላሳየሁትን ሁሉ አሳየኋት። እናቴ በአጠገባችን ስታልፍ ሁለት ግራኝ አይታ አልተቆጣችም። ይህ ሊገርመኝ ይገባ ነበር። ደስታዬ አሞኘኝ።

ሙዳይዋ አለቀች። የምዝገባው ቀን ፈተና ነበረኝ። «አንቺ ትምህርትሽን ተማሪ፣ እኛ እናስመዘግብልሻለን» አለች እናቴ። እሷና እህቴ በነጠላ ጠቅልለው ወሰዷት።

የውድድሩ ቀን አዳራሹ ጢም ብሏል። የእኔ ሙዳይ ጠረጴዛው ላይ ናት። ጸሐፊው ስም ሲጠራ ግን የጠራው የእህቴን ነው። ተሳስቷል ብዬ ብድግ አልኩ። እህቴ ቀድማኝ ወጥታ ሰሌኑ ላይ ተቀመጠች፣ ወስፌውን በግራ እጇ አነሳች፣ ሁለት ዙር ሰፋች። አንድም ጥምጥም አልላላባት። ደህና አድርጌ ነበር ያስተማርኳት።

«የእኔ ነው!» ብዬ ጮህኩ።

ከአዲስ አበባ የመጡት ሴትዮ ደግ ዳኛ ነበሩ፣ ይህን አልክድም። «ነይ፣ አንቺም ስፊ» አሉኝ። ሰሌኑ ላይ ተቀምጬ ሰፋሁ። ሙዳይዋን አንስተው የሁለታችንን አስተያዩ፤ ያው ዙር፣ ያው ግራ። ከዚያ ወደ እናቴ ዞሩ። «እናት፣ የማናቸው ሥራ ነው?»

እናቴ አላየችኝም። «የታላቂቱ ነው» አለች። «ታናሺቱ ተማሪ ናት፣ ከእሷ ነው የለመደችው።»

«ከባለቤቱ በላይ ያወቀ ቡዳ ነው» አለ ከኋላ አንድ ሰው፣ አዳራሹም ሳቀ። ሴትዮዋ ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። «አይዞሽ፣ እህትሽ ጥሩ አድርጋ አስተምራሻለች» አሉኝ። ልጅ ሳለሁ ወስፌ ያስያዘችኝ በእርግጥ እሷ ናት።

ቤት ስንገባ አለቀስኩ፣ ተሳደብኩ፣ የተረፈውን አክርማ እሳት ውስጥ ጨመርኩት። እናቴ እስክጨርስ ጠበቀችና፣ «አንቺ ትምህርት አለሽ። እሷ ምን አላት?» አለችኝ። እህቴ ጓዳ ነበረች፣ አልወጣችም። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ሲባል እሰማ ነበር፤ ሲጥል እንደዚህ እንደሚያም ግን የነገረኝ የለም። ብዙ ዓመት ራሴን ጠይቄአለሁ፦ ቢለምኑኝ እሰጣት ነበር? አልሰጣትም ነበር። ያልለመኑኝም ይህን ስለሚያውቁ ነው። ግን ውድድሩ ቢቀርብኝ፣ እነዚያን ጎን ለጎን የተቀመጥንባቸውን ቀኖች እንኳ ቢተዉልኝ ምን ነበረበት?

አንደኛ ተብላ አዲስ አበባ የሄደችው እህቴ በዓመቱ ለፋሲካ መጣች። ወፍራለች፣ ጫማዋ ያበራል። ትምህርት ቤቱ በግራኝነቷ ስለሚያውቃት እዚያም በግራዋ ነበር የምትሰፋው። ጎረቤት ሁሉ ሊያያት ተሰብስቦ በማዕድ ዙሪያ ተቀመጥን። እናቴ በሰው ሁሉ ፊት የእህቴን ግራ እጅ ይዛ አነሳች፣ መዳፏንም ገልብጣ ሳመችው። «ቤቴን ቀና ያደረገች ሀርከ ቢታ!» አለች፣ ጎረቤቶቹም አሜን አሉ።

እኔ በቀኜ እየበላሁ ነበር። ግራ እጄ ከጭኔ ሥር ነበረች።