ክረምቱን የምሸሽበት ቤት

ካዛንቺስ ወንዝ ዳር ቤት ያለው ሰው ክረምት ሲገባ እንቅልፍ የለውም፤ እኔ ደግሞ ከሰው ሁሉ ፈሪ ነኝ። አፈሩ ይናዳል ብዬ ሐምሌ ሲመጣ ፍራሼን ይዤ ከወንዙ ራቅ ወዳለው የጎረቤቴ የጽጌ ቤት እሄዳለሁ። «ጋሽ በቀለ፣ ዘንድሮም ተሰደዱ?» እያለች ብትስቅብኝም መኝታ ነፍጋኝ አታውቅም።

አንድ ክረምት እዚያው እንዳለሁ አንዲት ወጣት የአፈር ባለሙያ ላፕቶፕ ይዛ መጣች። የቦታውን ተዳፋትነትና የአፈሩን ዓይነት አስገብታ ያሠራችውን ካርታ አሳየችን። ሊናድ የሚችለው ቀይ፣ የማያሰጋው አረንጓዴ ነው።

«የእኔ ቀዩ ነው አይደል?» አልኳት።

«አይ አባባ፣ የእርስዎ ቤት አለት ላይ ስላረፈ አረንጓዴ ነው። የሚያሰጋው ይሄ አሁን ያለንበት ነው፤ ገደል በተደፋ አፈር ተሞልቶ ነው የተሠራው» አለች።

ደስ እንዳይለኝ የጽጌ ፊት ልውጥ ብሏል፤ እንዳላዝን የእኔ ቤት ተርፏል።

ጽጌ ግን ብድግ ብላ ፍራሼን ጠቀለለችና ትከሻዬ ላይ ጫነችብኝ።

«በሉ ቀድመው በሩን ይክፈቱ፤ እኔም ከነልጆቼ መጣሁ!»