ገበሩ ውስጥ የገባው ዋሽንት

ዘንድሮ ልጄን ስድር፣ ለመልሷ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር። «አባዬ፣ የባሌ ቤተሰቦች ፊት ዋሽንት ንፋልኝ። ስላንተ አውርቼላቸው አልጠግብም፤ እንዳታሳፍረኝ!» ብላ ሳቀች። ዕድሜዬን ሙሉ በባህል ምሽት ቤት ስነፋ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ምን ይከብደኛል ብዬ እሺ አልኩ።

ዋሽንት እንደ ኦርጋን አይደለም። አንዱ ዋሽንት ለአንድ ቶን ነው፤ ዘፋኙ ከፍ ሲል ረጅሙን ታስቀምጥና አጠር ያለውን ታነሳለህ። ድሮ ፈረንጆቹም መለከታቸው ላይ በየቶኑ ሌላ ቱቦ ይሰኩ ነበር አሉ። ለእነሱስ ቱቦውን እስኪቀይሩ ዜማው ውስጥ ዝም የሚሉበት ቦታ ይተውላቸው ነበር፤ እኛን ማን ጠብቆን! ዘፋኙ ትንፋሽ ሲስብ መቀየር ነው። ለዚህ ብዬ ወገቤ ላይ የምታጠቀው የቆዳ ኮሮጆ አለኝ። ዋሽንቶቹ በቁመታቸው ተደርድረው ይቀመጣሉ፣ እጄ ሳላይ ያገኛቸዋል።

ያን ቀን ግን ኮሮጆው አሳፈረኝ። ተክለ ሃይማኖት ሄጄ ሱፍ ተከራይቻለሁ፤ የሙሽራው ወገኖች ኮንዶሚኒየማችን ግቢ ውስጥ መኪናቸውን ደርድረዋል። በዚያ ሱፍ ላይ ወዝ የጠገበ ኮሮጆ? እንዴት ተደርጎ! አጭሩን ዋሽንት በኮቱ የውስጥ ኪስ ሸጉጬ፣ ረጅሙን ይዤ ድንኳኑ ውስጥ ገባሁ።

ዘፋኙ በኦርጋን ታጅቦ ጀመረ፣ እኔም ተከተልኩት። ልጄ በካባዋ ሆና አማቷን በክርኗ ጎሸም ስታደርጋቸው አየሁና ልቤ ሞላ። ከዚያ ዘፋኙ ሞቀው መሰለኝ ቶኑን ከፍ አደረገው። እጄን ኪሴ ከተትኩ። የለም! ለካስ የኪራዩ ኮት ኪሱ ተቀዶ ኖሮ፣ ዋሽንቴ ሾልኮ ገበሩ ውስጥ ገብቷል። ወገቤ ጋ በጨርቁ ላይ እዳብሰዋለሁ፤ ግን በየት በኩል ይውጣ?

በረጅሙ ብቀጥል ከዘፈኑ ጋር ይጣላል። ታዲያ ምን አደረግኩ? ዓይኔን በጨው አጥቤ፣ ዋሽንቱን አፌ ላይ ደግኜ ጣቶቼን ብቻ ማወራጨት ጀመርኩ። ትንፋሽ የለ፣ ድምፅ የለ። ኦርጋኑ ይሸፍነኛል ብዬ እኮ ነው። ራሴን ሁሉ እወዘውዛለሁ! ሰው አጨበጨበልኝ፤ አንዷማ እልል አለች። እፍረቱ እስከ ጆሮዬ ድረስ አቃጠለኝ።

ይሄኔ ልጄ ተቆጥታ ተነሳች። ማይኩን ከዘፋኙ ተቀበለችና «የአባቴ ዋሽንት እኮ አልተሰማም! ኦርጋኑ ዋጠው። እባካችሁ አቁሙት፣ እሱ ብቻውን ይንፋ!» አለች።

ኦርጋኑ ቆመ። ጣቶቼ ግን ትንሽ ቆይተው ነው የቆሙት። ወይኔ፣ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ምን ነበረበት! ልጄ እጄን አየች፣ ፊቴን አየች፤ ገባት። አማቷ «ምነው፣ ተበላሸ እንዴ?» ብለው ጠየቋት።

«አይ፣ እኔን እየጠበቀኝ ነው» አለቻቸው።

አጠገቤ መጥታ «በል ንፋ» አለችኝ። እጄ ላይ ባለው በረጅሙ ነፋሁ። ቶኑ ለእሷ በጣም ወፍራም ነው፤ እሷ ግን ድምፅዋን አውርዳ ያንኑ ዘፈን ጀመረችው። ልጄ ዘፋኝ አይደለችም። ዜማው ዝቅ ባለ ቁጥር ድምፅዋ ይሰነጠቃል። ከአማቷ ኋላ የተቀመጡት ሴቶች አፋቸውን በነጠላ ሸፍነው ይሳሳቁ ጀመር። በእኔ መሳቅ ሲገባቸው በእሷ ሳቁ፤ እሷም እየሰማቻቸው እስከ መጨረሻው ዘፈነችው።