በዝናብ የጨሰ ኖራ

ባለፈው ሳምንት የልጄ ቤት ሶሌታ፣ የፎቁ ወለል፣ በሲሚንቶ ተሞላ። እንጅባራ ላይ ክረምቱ ገና አልለቀቀም። በማግስቱ ጧት ጭጋጉ ሳይገፈፍ መሰላሉን ተደግፌ ወጣሁና መዳፌን በሲሚንቶው ላይ አሳረፍሁ። ሞቅ ይላል። ፀሐይ አላየው፣ ሌሊቱን ሙሉ ዝናብ ሲወርድበት አድሯል፤ ግን እንደታመመ ልጅ ግንባር ሞቅ ይላል።

ልጄ ከታች ሆኖ፣ "እማዬ፣ በዚህ ዕድሜሽ መሰላል ላይ ምን ትሠሪያለሽ?" ብሎ ተቆጣ። አሮጊት መሰላል የምትወጣው ምክንያት ቢኖራት ነው። የእኔ ምክንያት ዳማ ነው።

ዳማ የአባቴ የጋሪ ፈረስ ነበር። ጊዜው የጃንሆይ ዘመን ነው፤ የምንኖረው ዳንግላ፣ እኔም ሰባተኛ ክፍል። አባቴ ሰውም እህልም እያመላለሰ ነው ያሳደገን። ሰው ስለ ፈረሱ ሲያወራ ልጆቹን የሚረሳ ዓይነት ነበር፤ እኔም አንዳንዴ በዳማ እቀና ነበር።

በጥቅምት፣ ማሳው ሁሉ በኑግ አበባ ቢጫ በሆነበት ሰሞን፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ያለው የሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ለኅዳር በዓሉ በኖራ ሊቀባ ሆነ። በጭነት መኪና የመጣውን ኖራ እንዲያደርስ አባቴን ለመኑት። ኖራው ገና ውሃ አልነካውም፤ በእቶን እንደተቃጠለ፣ ድንጋይ እንደሆነ በጆንያ ታጭቋል። ችግሩ፣ መንገዱ የደረቀለት ቅዳሜ ወርኀዊው ሚካኤል ዋለ። በዚያ ቀን በእኛ አገር እንስሳ አይጫንም። አባቴ ሲያመነታ ቆየና፣ "ለራሱ ቤት አይደል? እሱው ያውቃል" ብሎ ጫነ። እኔም ትምህርት ስላልነበረ ተከተልሁት።

እናቴ በችኮላ ረመጥ ውስጥ ቀብራ ያወጣችው ድንች ልቡ ጥሬ ነበር። እሳት ካየው ምን ለየው ብለን መንገድ ላይ፣ ጋሪው ላይ ሆነን፣ በጨው እየነካን በላነው። ድንቹን ሳንጨርስ ሰማዩ ጠቆረ፤ ያልታሰበ ዝናብ ወረደ።

መጀመሪያ ጭሱን ሳይ ከዳማ ጀርባ የሚወጣ የላብ እንፋሎት መሰለኝ። ኋላ ግን ከጆንያዎቹ ነው። እሽሽ ይላል፤ ጆንያው ይሸታል። አባቴ ዘሎ ወርዶ፣ እሳት ያየ ሰው ሁሉ የሚያደርገውን አደረገ፤ ከቦይ ውሃ በባርኔጣው እየቀዳ ደፋበት። ባሰው። ጆንያው ተተረተረ፣ ድንጋዩ እየፈላ ፈረሰ፣ ትኩሱም የዳማን ታፋ ለበለበው። ፈረሱ በኋላ እግሮቹ ቆመ። አባቴ እንደምንም ከጋሪው ፈታውና ጭቃው ላይ ተንበረከከ።

የጸለየው በአገውኛ ነው። የፈራ ሰው በእናቱ ቋንቋ ነው የሚጸልየው። "ሚካኤል ሆይ፣ ቀንህን ሽሬያለሁ። ማረኝ። ለኅዳር በዓልህ ዳማን እሰጥሃለሁ።"

ጥቂት ቆይቶ ጭሱ ቆመ። እሱ ስለቴ ሰመረ አለ። እኔ ደግሞ በልቤ ዝናቡ ቆመ አልሁ።

ቤት ስንገባ እናቴ ስለቱን ሰማች። ዳማ ከሄደ ጋሪው የማገዶ እንጨት ነው። እኔም ወደ አዘና፣ ወደ ዘመዶቻችን እርሻ መላኬ ነው፤ ትምህርት እዚያ ላይ ያበቃል። ቁጣው የሚካኤል ሳይሆን የድንጋዩ ጠባይ ከሆነ ግን ስለቱ አያስፈልግም ብዬ አሰብሁ። ከተረፈው ኖራ ጥቂት በጨርቅ ቋጠርሁ።

ሰኞ የሳይንስ አስተማሪያችንን፣ "ጋሼ፣ ውሃ ያቃጥላል?" አልኋቸው። ክፍሉ በሙሉ ሳቀብኝ። እሳቸው አልሳቁም። አንዱን ድንጋይ በቆርቆሮ ሳህን አስቀምጠው ውሃ አፈሰሱበት። ትንሽ ዝም አለና ተሰነጠቀ፣ ጨሰ፣ ፈላ።

"ሙቀቱ እንደ ፍም ተዳፍኖ አልነበረም" አሉ። "የእቶኑ እሳት ውስጡ ያለውን አየር አስወጥቶ ድንጋዩን ሌላ ነገር አደረገው። አሁን ደግሞ ከውሃ ጋር ሲዋሃድ ሌላ ነገር ይሆናል። ያን ጊዜ ሙቀት ይለቃል።"

እውነቱን ለመናገር አልገባኝም ነበር። የገባኝ ወደ ቤት ስመለስ፣ ቁልቁለቱ ላይ አንድ ጋሪ ፈረሱን እየገፋ ሲያወርደው አይቼ ነው።

አባቴን የማንም በዓል ባልሆነ የሥራ ቀን፣ ፀሐይ ሞቅ ሲል፣ ደጅ አስቀመጥሁት። ድንጋዩን ዳሰሰው፤ ቀዝቃዛ። ውሃውን ዳሰሰው፤ ቀዝቃዛ። አፈሰስሁና ፈላ። ወደኋላ አፈገፈገ፤ ከዚያ ተመልሶ አጎነበሰበት።

"ታዲያ እሳቱ የት ነበር?"

"አባዬ፣ አቀበት ላይ ማን ይደክማል?"

"ዳማ ነዋ።"

"ቁልቁለት ላይስ?"

"ቁልቁለትማ ጋሪው ራሱ ይሮጣል።"

"ይህን ድንጋይ እቶን ውስጥ አቀበት አስወጥተውታል። የደከመው እሳቱ ነው። ውሃ ሲነካው ቁልቁለቱን ያዘ።"

የፈረሰውን ድንጋይ በጭራሮ ነካካው። "እንግዲያው አልተቆጣኝም" አለ በመጨረሻ፤ ትከሻው ወረደ። ከዚያች ቅዳሜ ወዲህ እንዴት ከብዶት እንደኖረ ያን ጊዜ አየሁ። በደስታ ልፈነዳ ደረስሁ፤ ዳማ ተረፈ፣ ትምህርቴም ተረፈ።

የኅዳር ሚካኤል ጧት ግን ዳማን አጥቦ፣ ቁስሉን ቅቤ ቀብቶ፣ ሉጓሙን ያዘ። በሩ ላይ ቆምሁበት።

"እንዳልተቆጣ አሳይቼህ የለም ወይ?"

"አሳይተሽኛል።"

"ታዲያ ስለቱ?"

"ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፣ የሻረግ።" ግንባሬን ሳመኝ። "ደግሞ ያን ጊዜ ሊወሰድብኝ ነበር። አሁን እኔ እየሰጠሁ ነው።"

አለቀስሁ። ተናደድሁም፤ ያ ሁሉ ልፋቴ ፈረሱን አላዳነልኝም። አባቴ በሰው ጋሪ ተቀጥሮ እየነዳ አስተማረኝ፤ አዘናም አልሄድሁም። ነጭ የተቀባውን ቤተ ክርስቲያን ለመሳለም ግን ለብዙ ጊዜ እግሬ እምቢ አለኝ።

ዛሬ ሳስበው፣ ያሳየሁት ነገር ፈረሱን ባያስቀርም ፍርሃቱን አስቀርቷል። አባቴ ፈረሱን የሰጠው ቀና ብሎ ነው። እስኪሞት ድረስ ግንበኞች ኖራ ውሃ ሲያጠጡ ካየ ጋሪውን አቁሞ ይመለከት ነበር። ሲጨስ ጊዜ ወደ እኔ ዞር ይልና፣ "ቁልቁለቱን ያዘ" ይለኝ ነበር። ሲሚንቶም እንደ ኖራው እቶን ያየ ድንጋይ ነው።

ልጄ መሰላሉን እንደያዘ፣ "ውረጂ እንጂ፣ ምኑን ነው የምትነኪው?" አለኝ።

"ና ውጣ" አልሁት፣ "እጅህን እዚህ ላይ አድርግ።"