አያቴ የለፈፉት አዋጅ

ልጄን ሊጠይቁ ሽማግሌዎች ይመጣሉ በተባለበት ሰሞን፣ ልጅቱ ስልኳን ይዛ ፍኖተ ሰላም ካለው ቤታችን በረንዳ ላይ ከእናቴ አጠገብ ተቀመጠች። «እማየ፣ የጣሊያን ጊዜ አዋጅ አገኘሁልሽ» አለቻት። አንድ ሰው የድሮ ወረቀት ፎቶ አንሥቶ ኢንተርኔት ላይ ለጥፎት ኖሯል። ወረቀቱ መሀል ለመሀል ተከፍሎ ግማሹ በጣሊያንኛ፣ ግማሹ በአማርኛ ተጽፏል። መሣሪያውን የደበቀ ይቀጣል፤ አምጥቶ ያስረከበ ግን ምሕረት ያገኛል፣ በሰላም ወደ ቤቱ ይገባል ይላል። አማርኛው የተውሶ ጫማ እንዳደረገ ሰው ይንገዳገዳል።

ልጄ ያነበበችው ለጨዋታ ነበር። እናቴ ግን «እስቲ ከመጀመሪያው ድገሚልኝ» አለቻት። ደገመችላት።

«ከዚያ በፊት ምንም የለም? ስማ ስማ አይልም?»

«አይልም።»

እናቴ ነጠላዋን ወደ አፏ ሳበች። «እንግዲያው ስማ ስማውን ከራሳቸው ነው ያስገቡት» አለች። ስለ ማን እንደምታወራ ገባኝ።

አያቴ፣ የእናቴ አባት፣ የቡሬ ገበያ አዋጅ ነጋሪ ነበሩ። ገበያው ሞላ ሲል ነጋሪት ያስመቱና ከፍ ካለ ቦታ ቆመው «ስማ፣ ስማ! ያልሰማህ ስማ፣ የሰማህ ላልሰማው አሰማ!» ይላሉ። ያን ጊዜ በግ የሚጎትተውም፣ እህል የምትሰፍረውም ባለበት ቀጥ ይላል። ከዚያ ቃል በኋላ የሚመጣው የመንግሥት ነገር ነው፤ የታመነ ነው፤ አይታጠፍም። ጣሊያን ቡሬ ገብቶ ወረቀቱን በየግድግዳው ሲለጥፍ ዞር ብሎ ያየው ሰው አልነበረም። ፊደል የቆጠረውም ጥቂት ነው። በኋላ አያቴን አስጠሩና ይህን ለገበያው ንገር አሏቸው። ከጀርባቸው ባለጠመንጃ ቆሟል።

ወረቀቱን እንዳለ ቢያነቡት ኖሮ ሕዝቡ የፈረንጅ ወሬ ነው ብሎ ወደ ገበያው ይመለስ ነበር። አፍ ግን የለመደውን አይተውም። አያቴ እንደ ወትሯቸው ስማ ስማ ብለው ጀመሩ። ሕዝቡም አመነ። ጠመንጃውን ከደበቀበት እያወጣ ተሸክሞ መጣ። ካመጡት መካከል ታስረው የተወሰዱ፣ ቤታቸውን ዳግመኛ ያላዩ አሉ። ጣሊያኑ ወረቀቱን ለጥፎ አገሩ ገባ፤ ጦሱ ግን እኛ ቤት ቀረ። አያቴ ከዚያ ወዲያ በሰው ፊት አፋቸውን አልከፈቱም። ለቅሶ ቢደርሱ ዝም፣ ሰርግ ቢጠሩ ዝም። ከሚስታቸውና ከልጃቸው ጋር ብቻ ያወሩ ነበር፣ እሱንም በሹክሹክታ። እናቴ ያደገችው በዚህ ቤት ነው።

ልጄን የሚጠይቁት ሰዎች ከሽንዲ በኩል ናቸው። በእኛ አገር ጋብቻ ከመቆረጡ በፊት ዝምድና እንዳይኖር እስከ ሰባት ቤት ዘር ይቆጠራል። ሲቆጠር ታዲያ ሊያገባት የፈለገው ልጅ ቅድመ አያት በጣሊያን ጊዜ ጠመንጃውን ሊያስረክብ ቡሬ ሄዶ እዚያው እንደቀረ ተነገረን። እኔ ሰምቼ አለፍኩት። እናቴ ግን የሰውዬውን ስም ከአባቷ ሹክሹክታ ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቀው ኖሯል።

«ሽማግሌዎቹ ሲመጡ እነግራቸዋለሁ» አለችን።

«ምን ብለሽ?»

«በመካከላችን ደም አለ ብዬ። ደም ያለበት ቤት ሳይታረቅ አይጋባም። ደብቀን ብንሰጣት በልጅቱ ላይ ይመጣል።»

«የምን ደም? አባትሽ ጦር ወረወሩ? ጠመንጃ ተደግኖባቸው!»

«ሰዎቹን የጠራቸው የሳቸው አፍ ነው።»

«እማየ፣ ሆድ ይፍጀው። ስንቱ ቤት ስንቱን ደብቆ ልጁን ይድራል!»

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል።»

«ከሰርጉ በኋላ ቢጠራ ምን አለበት?»

ልጄ ሳቀች። እናቴ አልሳቀችም። እኔ አንዴ ከተናደድኩ መለስ አልልምና ያን ቀን ድመቷንም ዶሮዎቹንም ስቆጣ ዋልኩ። ንዴት አይደለም፣ ፍርሃት ነው። ልጄ ልጁን ትወደዋለች። ስትስቅ የነበረችው ልጅ ከሰዓት በኋላ ልብስ ስታሰጣ ዓይኗ ቀልቶ አየኋት።

ሽማግሌዎቹ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ መጡ። አንደኛው በጣም ያረጁ ናቸው፤ ከባጃጅ ደግፈው ነው ያወረዷቸው። የልጁ አያት ናቸው፣ ሄዶ የቀረው የዚያ ሰው ልጅ። እንደ ወጉ ቆመው «ልጃችሁን ለልጃችን» አሉ። አጎቴ መልስ ሊሰጥ ጉሮሮውን ሲጠርግ እናቴ ምርኩዟን ተደግፋ ተነሣች።

«ከመልሱ በፊት እኔ የምለው አለኝ» አለች። ወደ ልጁ አያት ዞረች። «አባትዎን ወደ ቡሬ የጠራቸው የአባቴ ድምፅ ነው። የጣሊያንን ወረቀት በስማ ስማ የለፈፉት እሳቸው ናቸው። ይህን ሳትሰሙ ልጅቷን ብንሰጣችሁ ነውር ነው። እንታረቅ ካላችሁ እንታረቅ፤ ይቅርብን ካላችሁም አንቀየምም።»

እኔ ከጓዳው በር ላይ ሆኜ የልጄን እጅ ያዝኩ። የሽማግሌው ጆሮ ስለሚከብድ አንዱ ጎንበስ ብሎ ሊደግምላቸው ሲል በእጃቸው ከለከሉት።

«ሰምቻለሁ» አሉ። ከዚያ ወደ እናቴ ዞሩ። «እኛማ እናውቃለን፣ እቴ። አውቀን ነው የመጣነው።»

እናቴ ምርኩዟን ይዛ ቁጭ አለች።

«ቡሬ ገበያ በወረድን ቁጥር እናቴ አባትዎን በሩቁ ታሳየን ነበር። ‹እኛ ተዝካሩን አውጥተን ሐዘናችንን ጨርሰናል፤ ያ ሰውዬ ግን ለአባታችሁ አሁንም ለቅሶ ላይ ነው› ትለን ነበር። ልጁ የማንን ዘር እንደወደደ ሲነግረኝ፣ ጎሽ፣ ሽማግሌ ሆኜ የምሄደው እኔ ራሴ ነኝ አልኩ።»

«ታዲያ ይህን ሁሉ ዘመን ምነው ሳትነግሩን?»

«ብናነሣው ወቀሳ ይመስልባችኋል ብለን ፈራን። የናንተንም ቁስል መነካካት መሰለን።»

«አባቴ እኮ ይህን ሳይሰሙ ሞቱ» አለች እናቴ።

የተናገረችው በቁጣ አልነበረም። ልጄ ተሰጠች፣ ምርቃቱ ወረደ፣ ተበላ፣ ተጠጣ፤ ሽማግሌው ግን እህሉን እየቆነጠሩ ሐሳብ ይዟቸው ቆዩ። ሊሄዱ ሲሉ እናቴን ጠጋ ብለው «መቃብራቸው የት ነው?» አሏት።

ከሰርጉ በፊት ቡሬ ሄድን። ሽማግሌው ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ፣ ሣር ከሸፈነው የአያቴ መቃብር ፊት ባርኔጣቸውን አውልቀው ቆሙ። ጆሮ የሚከብደው ሰው ድምፁን አይለካምና ከጸሎት የሚመለሰው ሁሉ ሰማቸው። «በኛ በኩል ምንም የለም፤ ያኔም አልነበረም» አሉ። «ሳንነግርዎ መቅረታችን ግን የኛ ጥፋት ነው። እርስዎም ይቅርታ ያድርጉልን።»

አለቀስኩ። ስንት ዓመት የኖረ ሸክም እንደነበር የገባኝ ያኔ ነው፤ እናቴን ዝም በይ እያልኩ ያስቸገርኳትም እኔ ነኝ። እሷ ግን አላለቀሰችም። ቀስ ብላ ቁጭ አለችና፣ መቃብሩ ላይ የበቀለውን ሣር የተኛ ሰው ራስ እንደምትዳብስ ሁሉ በእጇ እየዳበሰች፣ «በቃ እንግዲህ አባባ» አለች፤ «ልጅ ልንድር ነው።»