እንቁላል አዘዛዝ በወንድማማች ሶሻሊስት አገሮች

ያን ቅዳሜ ከሰዓት... አሰላ፣ የቀበሌያችን አዳራሽ መድረክ ላይ ቆሜ ስለ አውሮፓ ከተሞች ንግግር እያደረግኩ ነበር።

ዘመኑ የደርግ ነው። እኔ ምሥራቅ ጀርመን፣ ላይፕሲግ የምማር፣ ለእረፍት የመጣሁ ተማሪ። ንግግሩ በፈቃዴ አልነበረም። ወደ ትምህርቴ እንድመለስ የቀበሌው የፖለቲካ ኃላፊ «ይሂድ» ማለት ነበረበት። እሱ ደግሞ መጀመሪያ «ይናገር» አለ።

ጠዋት ቢሮው ጠርቶ አስጠንቶኛል። ፕራግ ውስጥ የአደባባይ ሰዓት አለ፤ ሰዓቱ በሞላ ቁጥር መስኮቱ ይከፈትና ዐሥራ ሁለቱ ሐዋርያት ተራ በተራ ብቅ ይላሉ። ይህን ስነግረው እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

«ሐዋርያት አትበል።»

«ታዲያ ምን ልበል ጓድ?»

«ሠራተኞች በል። ዐሥራ ሁለት ሠራተኞች... ፈረቃ ሲቀይሩ።»

እንግዲህ ከሰዓት በኋላ ዐሥራ ሁለት ሠራተኞች ፈረቃ ሲቀይሩ ለሰፊው ሕዝብ አቀረብኩ። የላይፕሲግን ብርድ «የበቆጂን ብርድ በሁለት አባዙት» አልኩ። ስለ ቡዳፔስት ፍልውሃም ተናገርኩ፤ ሽማግሌዎች እስከ ደረታቸው ሙቅ ውሃ ውስጥ ተነክረው ቼዝ ይጫወታሉ። «ሶደሬ በሉት፤ ጦጣው ብቻ የለም» ስል አዳራሹ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ። ኃላፊው አልሳቀም። ስለዚህ ቶሎ ብዬ የታዘዝኩትን ማሳረጊያ አሰማሁ፦

«በእነዚህ አገሮች ሠርቶ አደሩ በየቀኑ ሥጋ ይበላል!»

ተጨበጨበ። ጭብጨባው ሲበርድ አንድ እጅ እንደተነሣ ቀረ። ሐጂ ከድር ናቸው፤ ገበያው ዳር የጨርቅ ሱቅ ያላቸው፣ የጀማል አባት። ጀማል ላይፕሲግ አብሮኝ የሚያድር ጓደኛዬ ነው፤ ከተሞቹንም አብረን ነው የዞርናቸው።

«ያ ኢልማ ኮ... ልጄ፣ እንኳን በሰላም መጣህ። እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ሥጋውን የሚያርደው ማነው?»

ሲያንቀላፋ የነበረው ሁሉ ነቃ። እናቴ የፊት ወንበር ላይ ነጠላዋን አስተካክላ ቀና አለች። ስትሸኘኝ «አምላክ የለም የሚል ሰው ያረደውን እንዳትቀምስ!» ብላ አስምላኛለች። ሐጂም ለልጃቸው የራሳቸውን ማስጠንቀቂያ ሰጥተዋል። አራጁ ክርስቲያን ነው ብል ጀማል አለቀለት። አራጁ ሃይማኖት የለውም ብል እናቴ እዚያው ጸበል ታስመጣለች።

እውነቱ ግን ቀላል ነበር። ሁለታችንም ሥጋ የሚባል አልነካንም። ላይፕሲግ እንቁላል፣ ድሬስደን እንቁላል... ቡዳፔስት ላይ እንቁላሉ ቀይ በርበሬ ተነስንሶበት ቢመጣ ልናለቅስ ምንም አልቀረን።

ፕራግ ላይ ቋንቋው አልገባንም። ጀማል ክርኖቹን እንደ ክንፍ እያራገበ አስካካ። አስተናጋጁ ደስ ብሎት ሙሉ ዶሮ ጠብሶ አመጣ። መለስነው። ጀማል ተነሣ፣ ምግብ ቤቱ መሃል ቁጢጥ አለ፣ ፊቱን አጨማደደ፣ ከዚያ እጁን ወደ ኋላ ሰዶ የማይታይ ነገር አወጣ። እንቁላሉ መጣ፤ ከጎን ጠረጴዛ ጭብጨባ ጋር።

ታዲያ ይህንን መናገር ነዋ! ትሉ ይሆናል። «በየቀኑ ሥጋ» ባልኩበት አፍ «እኛ ግን እንቁላል ነው» ብል፣ ኃላፊው «ሥጋ የለም ልትል ነው?» ብሎ ከላይፕሲግ ጋር ያፋታኛል።

«ማሽን ነው የሚያርደው» አልኩ።

«ቴክኖሎጂ!» ብሎ ኃላፊው አጨበጨበ። ብቻውን።

ሐጂ አልተቀመጡም። «ማሽኑ ሲያርድ ምን ይላል?»

«ምንም አይልም፣ አባባ።»

«እና ጀማል...» ብለው ጀመሩ። ቀስ ብለው ተቀመጡ። ያን ያህል ሽማግሌ መሆናቸውን እስከዚያ ልብ ብዬ አላውቅም ነበር።

እናቴ ቀጠለች። «ማሽኑስ ይሁን። ማሽኑን የሚነካው እጅ የማን ነው?»

ኃላፊው ግራ እጁን ጨብጦ ተነሣ። «ኢትዮጵያ ትቅደም!» ሁላችንም ተነሣን። የመፈክር ጥቅሙ ይኸው ነው፤ ጥያቄ ሲከብድ ስብሰባ ይዘጋል።

ስወጣ ኃላፊው ትከሻዬን ያዘኝና ከአዳራሹ ጀርባ ወሰደኝ። ሽጉጡ ወገቡ ላይ ነው። አለቀልኝ አልኩ... ግራ ቀኙን አየ።

«በሚቀጥለው ወር ለፓርቲ ትምህርት ሶፊያ ልላክ ነው» አለ ድምፁን ቀንሶ። «አሁን እውነቱን ንገረኝ። ሥጋውን የሚያርደው ማነው?»

«አላውቅም ጓድ። እኔና ጀማል የምንበላው እንቁላል ነው።»

«ሁለት ዓመት ሙሉ?»

«ሁለት ዓመት ሙሉ።»

በረጅሙ ተነፈሰ። «ታዲያ ለሐጂ ለምን አልነገርካቸውም?»

«እርስዎ ነበሩዋ ከጎኔ።»

ትንሽ አሰበበት። «ሂድ ንገራቸው። ለእናትህም ንገር። ለሌላ ሰው ግን...» ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ። «ትምህርትህንም ጨርስ።» ሁለት ሦስት እርምጃ ሄደና ተመለሰ። «ቆይ... እንቁላል በነሱ ቋንቋ ምንድነው የሚባለው?»

«ቋንቋ አያስፈልገውም ጓድ» ብዬ የጀማልን ዘዴ አሳየሁት። ተጠራጠረ፤ ከዚያ ክርኖቹን አራገበ።

«እሱን ብቻ ካሳዩ ዶሮ ነው የሚያመጡልዎት። ዝቅ ማለት አለብዎት።»

ቀበሌው ሁሉ ዝቅ የሚልለት ሰው ሽጉጡን ወደ ጎን ገፋ አድርጎ፣ ኮስተር ብሎ፣ ዝቅ አለ።

ከዚያ በቀጥታ ሐጂ ሱቅ ሄጄ ነገርኳቸው። «አልሐምዱሊላህ» ብለው ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ጠረጉ። ቆየት ብለው ደግሞ «ምስኪን ልጄን... ሁለት ዓመት እንቁላል!» አሉ፣ እንባቸው ከሳቃቸው ጋር እየመጣ።

ኃላፊው ክርስቲያን ይሁን ሙስሊም እስከ ዛሬ አላውቅም። እንቁላል ሲጥል ግን አይቼዋለሁ።